የታብ ቁልፍና የጋሽ እንድሪስ አሚን

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ደሴ ያለው መሥሪያ ቤቴ አንድ ጋቢ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ግማሽ ሰዓት የፈጀ ንግግር ሸለመኝ። ንግግሩን ያደረጉት ኃላፊ ከተሾሙ መንፈቅ ስላልሞላቸው ስለ እኔ የሚያውቁት ስሜን ብቻ ነበር፤ እሱንም ሁለት ጊዜ ከሌላ ሰው ጋር አምታቱት። በመጨረሻ «አቶ ጌታሁን፣ ከመሄድዎ በፊት የሚጠይቁን ነገር አለ?» ሲሉኝ፣ ስሜን ከሰርቨሩ ላይ ራሴ ላጥፋው አልኳቸው። ሰዉ ሳቀ። አንዱማ «ገና በመጀመሪያው ቀን ጃጀ» ብሎ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ገና ጡረታ አልወጣም። ጥያቄዬ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ፣ ወደ ኋላም ብዙ ዓመት መመለስ አለብኝ።

እኔ የቢስቲማ ልጅ ነኝ። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የሽመና ፋብሪካ የኮምፒዩተር ክፍል ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ክፍሉ ስሙ ይክበድ እንጂ ቀድሞ የክር መጋዘን ነበር፤ በበጋ ግድግዳው ራሱ ጥጥ ጥጥ ይሸታል። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከሽሮ ብዙ አትርቅም ነበርና እሷን እንለፋት። በክፍሉ ውስጥ አንድ ሰርቨር፣ ሁለት ተርሚናልና ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዷ ከሠራተኛ አስተዳደር ተዘዋውራ የመጣችው ጸሐፊ እትዬ ብርቄ ናት፤ ሥራ በሌለ ጊዜ ሹራብ ትሠራለች፣ ሥራ ባለ ጊዜም ትሠራለች። ሌላው የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ያኔ ከሁሉም በላይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ወደ ኮምፒዩተር የመጡት ከቴሌግራም ነው። በወጣትነታቸው በሽቦ የሚመጣ መልእክት ተቀባይ ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ ለፊደል ያላቸውን ፍርሃት ያመጡትም ከዚያው ነው። አብሯቸው የሚሠራ አንድ ቀልጣፋ ሰው ነበር አሉ፤ የመልእክቱን መጀመሪያ ሰምቶ መጨረሻውን ከራሱ የሚሞላ። ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ ሰው በቴሌግራም የሚለው ነገር ተመሳሳይ ነዋ። አንድ ቀን «አባትህ በጠና ታመው» የሚል ሲመጣለት ቀሪውን ሳይጠብቅ «አርፈዋል» ብሎ ሞልቶ ወደ ገራዶ አስላከው። ሙሉው መልእክት ግን አባትህ በጠና ታመው ነበር፣ አሁን ድነው ሊጠይቁህ እየመጡ ነው የሚል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ገራዶ ሲደርሱ ከልጃቸው ቤት ደጅ ድንኳን ተጥሏል። ከዳር ተቀምጠው አብረው አለቀሱ፤ የቀረበላቸውን በሉ፤ የሟቹን ስም የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሲያወሩ እኔና እትዬ ብርቄ በሳቅ እንወድቃለን። እሳቸው አይስቁም። ሰው ጀምሮ ሳይጨርስ አንተ አትጨርስለት፤ መደምደሚያቸው ሁልጊዜ ይህ ነበር።

የአሠራራቸው ነገር ለብቻው ይወራል። በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፤ አንዲት ፊደል ሳያሳጥሩ። ትእዛዙን ጽፈው ሲጨርሱ ሁለት እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ። መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብለው በአማርኛ ያነቡታል፤ ይህ ፎልደር ይገልበጥ፣ ያኛው ፋይል ይዛወር እያሉ። የማጥፋት ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ ማንበቡ ብቻውን አይበቃም። በክፍሉ ካለ ሰው አንዱ «አሚን» ማለት አለበት። ወሎ ውስጥ ዱዓ ያለ አሚን እንደማይታሰር ሁሉ፣ በጋሽ እንድሪስ ክፍልም ያለ አሚን አንዲት ፋይል አትጠፋም። እትዬ ብርቄ አጥባቂ ክርስቲያን ስለሆነች «አሜን» ትላለች፤ እሳቸው ደግሞ «አሚን» ብለው ይቀበሏታል። ከዚያ በኋላ ነው ኢንተር የምትነካው።

ከሁሉም በላይ የሚጠነቀቁለት አካውንት የአስተዳዳሪው ነበር። ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፋይል ብቻ ነው የሚነካው፤ በአስተዳዳሪው አካውንት የገባ ሰው ግን የሁሉንም ይነካል፤ ማሽኑም እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቀውም። በሙያችን ቋንቋ ይህ አካውንት ሩት ይባላል። ባለቤቴ ከአፌ የማትጠፋዋ ሩት ሴት መስላት ሁለት ወር ያህል በጥርጣሬ ስትከታተላት ቆይታ፣ ቢሮ ድረስ መጥታ ጋሽ እንድሪስ ሩት ምን እንደሆነች ካሳዩዋት በኋላ ነው ልቧ ያረፈው።

አሁን ወደ ታብ ልምጣ። ታብ ከኪቦርዱ ግራ በኩል ያለች ቁልፍ ናት። የፋይሉን ወይም የተጠቃሚውን ስም መጀመሪያ ሁለት ሦስት ፊደል ጽፈህ ስትነካት ቀሪውን ማሽኑ ይሞላልሃል። በተራ አካውንታችን ላይ ትሠራ ነበር፤ በአስተዳዳሪው ላይ ግን ጋሽ እንድሪስ እንድትነቃ አልፈለጉም። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው። ሁለተኛው ላይ እንዲህ አሉኝ።

«በራስህ አካውንት እንደ ልብህ። ይኼኛው ግን ማኅተም ነው፣ ጌታሁን። ማኅተም የሚያሳርፍ ሰው ምን ላይ እንደሚያሳርፍ በጣቱ ይጻፈው።»

እኔ ግን ረጃጅሞቹን ስሞች መጻፍ ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ሐሙስ ከሰዓት እሳቸው ስብሰባ ሲገቡ ታብን በአስተዳዳሪው አካውንት ላይ ከፈትኳት። ነገሩ ቀላል ነው። አካውንቱ ሲከፈት ማሽኑ መጀመሪያ የሚያነበው አንድ ፋይል አለ፤ እዚያ ላይ አንዲት አጭር መስመር መጨመር፣ ወጥቶ መልሶ መግባት፣ በቃ። ሁለት ፊደል ጽፌ ታብን ስነካት ቀሪው እንደ ውኃ ፈሰሰልኝ። የተሰማኝ ደስታ፣ እውነቱን ልናገር፣ ለዚያች አጭር መስመር የሚገባ አልነበረም።

በማግሥቱ ዓርብ የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነበር። እትዬ ብርቄ የሠራተኛውን ሁሉ የፈረቃ ምድብ ከወረቀት ወደ ማሽኑ ስትገለብጥ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ በዘመናዊነቱ ከመርካቱ የተነሳ ወረቀቶቹን በዚያው ሳምንት ከመደርደሪያው ጠርጎ አስወጥቷቸዋል፤ እኛ ስንደርስባቸው መናኸሪያው አካባቢ የቆሎ መጠቅለያ ሆነው ነበር። በማሽኑ ላይ ሁለት ፎልደር አለ፤ «ፈረቃ ሙከራ» የሚባል መለማመጃና «ፈረቃ ዋና» የሚባል እውነተኛው። ጋሽ እንድሪስ ሐሙስ ማታ ስንለያይ፣ ነገ ሙከራውን አጥፋ፣ ዋናውን ወደ ፍሎፒ ገልብጥ ብለውኛል። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። ሌላ መቅጃ እንዲገዛ የጻፍነው ደብዳቤ ሁለት ፊርማ ቀርቶት በየቢሮው ይዞር ነበር።

ዓርብ ጠዋት አረፈድኩ። ከሰዓት ጋሽ እንድሪስ ጁምዓ ሄዱ። ፍሎፒ መገልበጥ አሰልቺ ስለሆነ ቀላሉን ላስቀድም ብዬ በአስተዳዳሪው አካውንት ገባሁ። የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፍኩ፣ የፎልደሩን ስም መጀመሪያ ፊደላት ጨመርኩ፣ ታብን ነካኋት። ስሙ እስከ መጨረሻው ሞላ። እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ፤ ሥርዓቱን አላጓደልኩም። ከዚያም እየተንጠራራሁ «ፈረቃ ሙከራ ይጥፋ» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«አሜን» አለች እትዬ ብርቄ ከሹራቧ ቀና ሳትል።

ኢንተር ነካሁ።

ያነበብኩት ግን ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አልነበረም። ልቤ ውስጥ ያለውን ነው ያነበብኩት። ጋሽ እንድሪስ የእኔን ማርፈድ አይተው ሙከራውን ጠዋት ራሳቸው አጥፍተውት ነበር። ስለዚህ በዚያ ስም የሚጀምር አንድ ፎልደር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ታብም ያለውን ሞላችልኝ። ዋናውን ልገለብጥ ፍሎፒ ስከት ማሽኑ እንዲህ የሚባል ነገር የለም አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት፤ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም።

ጋሽ እንድሪስ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ፣ መፋቂያቸውን በአፋቸው ይዘው ገቡ። ፊቴን ሲያዩ መፋቂያውን አወጡት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሐሙስ የጨመርኳትን መስመርም አልደበቅኩም። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ትእዛዜን እንደ ልማዳቸው ቃል በቃል አነበቡት። «ፈረቃ ዋና ይጥፋ።» ከዚያ ቀና ብለው «አሚን ያለው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ብርቄ። «ጠዋት እርስዎ ሲያጠፉትም አሜን ብያለሁ። ምርቃት ቢደገም አይጎዳም ብዬ ነው።»

የራሷን የሦስት ሳምንት ልፋት አሜን ብላ እንደቀበረችው የገባት ይህን ከተናገረች በኋላ ነው። ሹራቡ ከእጇ ወደቀ። ጋሽ እንድሪስ ሰው ሲሞት የሚባለውን «ኢና ሊላሂ» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ስንገባ ጥፋቱ የእኔ ነው ልል አፌን ስከፍት ጋሽ እንድሪስ እግሬን ረገጡኝ። «የአስተዳዳሪው አካውንት በእኔ ኃላፊነት ነው» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ብዙ ቃል የሚወዱ ሰው አልነበሩም። ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ በሩ ላይ ካልተለጠፈ ኮምፒዩተሩም መጋዘን ይገባል፣ እንድሪስም መጋዘን ጠባቂ ይሆናል አሉና ስልካቸውን አነሱ። ስንወጣ ጡረታቸው ሊደርስ ጥቂት ዓመት የቀረው ሰው በእኔ ስንፍና በርሜል ሲቆጥር ታየኝ። «አብሽር፣ አይዞህ» አሉኝ፤ ሲሉኝ ግን ፊታቸው አልፈካም።

ቅዳሜ ጠዋት የፋብሪካው በር ላይ ጠረጴዛ አወጣንና ሠራተኛውን አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመርን። ፈረቃው በየሳምንቱ ይዞራል፤ ባለፈው ሳምንት ሌሊት የሠራ በሚቀጥለው ሳምንት የቀን ፈረቃ ይገባል። ይህን ደግሞ ሠራተኛው ከእኔ በላይ ያውቀዋል። የመጀመሪያዋ ሴት ባለፈው ሳምንት ሌሊት ነበርኩ አለች፤ ጻፍኩ። ሁለተኛውም ሌሊት ነበር። ሦስተኛው ወላሂ ሌሊት ነበርኩ ብሎ ማለ፤ አራተኛው በማርያም ብሎ ማለ። እስከ እኩለ ቀን ከመዘገብኳቸው ውስጥ ቀን የሠራ አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም።

ጋሽ እንድሪስ ወረቀቴን አይተው፣ ታዲያ ቀን ቀን ማሽኑን የሚያዞረው ጅን ነው ወይ ብለው ሰልፉን ጠየቁ። አንድ ጎልማሳ ሸማኔ ከመሐል «ሊሆን ይችላል ጋሼ፣ እኛ ተኝተን ስለምንውል አናውቅም» አላቸው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፤ እሳቸው ሲያዩኝ አቆምኩ።

ያኔ ነው የፋብሪካውን አውቶቡስ ሾፌር አያ ሙሄን ያስጠሯቸው። አያ ሙሄ ደሴ የሚኖሩትን ሠራተኞች ከኮምቦልቻ በሚያገናኘው በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሲያወርዱና ሲያወጡ ነው የኖሩት። ወንበር ተደረገላቸው፤ እንደ ዳኛ ተቀመጡ፤ ሰዉ በፊታቸው ማለፍ ጀመረ። ስም አያውቁም፤ ሰውን የሚያውቁት በመንገዱ ነው። «ይቺ የሌሊት ናት፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ መስኮት ክፈቱልኝ የምትለዋ።» «ይኼ የቀን ነው፤ ትከሻዬ ላይ እንቅልፉን የሚጨርስ።» በማርያም የማለው ሰውዬ ሊከራከር ሲሞክር አያ ሙሄ «ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ስንወርድ ሙክትህን አውቶቡስ ላይ ጭነህ የተጣላኸኝ አንተ አይደለህም?» አሉት። ሰውዬው «አፉ በሉኝ፣ ማሩኝ» ብሎ ወደ ቀኖቹ ሰልፍ ሄደ።

ኮምቦልቻ የሚኖሩት አውቶቡስ ስለማይሳፈሩ አያ ሙሄ አያውቋቸውም። ለእነሱ ጋሽ እንድሪስ ጥያቄውን ቀየሩት። አንተ መቼ ነበርክ ማለቱን ትተን፣ ማሽኑን ከማን ተረከብክ እያልን እንድንጠይቅ አዘዙ። ሰው ስለ ራሱ ፈረቃ ይዋሻል፤ ማሽኑን አቆሽሾ ያስረከበውን ሰው ስም ግን በደስታ ይናገራል። አያ ሙሄ ከለዩዋቸው ጀምረን፣ የሌሊቱ የቀኑን፣ የቀኑ የሌሊቱን እያጋለጠ ዝርዝሩ እንደ ጥልፍ ተያይዞ መጣ። እሑድ ከሰዓት ሁሉንም በአስተዳዳሪው አካውንት እኔ ጻፍኩት፤ መጀመሪያ ያችን መስመር አጥፍቼ፣ እያንዳንዱን ስም እስከ አያት በጣቴ። እትዬ ብርቄ ሹራቧን ቤቷ ትታ፣ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያንዳንዷን መስመር አነበበች። ሰባት ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው አልተለዩም። ጋሽ እንድሪስ ሁሉንም ቀን አስገቧቸው፤ ዱዓቸው ይጠቅመናል ብለው።

ሰኞ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ኮምፒዩተሩ መጋዘን አልገባም፤ ጋሽ እንድሪስም አልገቡም። የቀረው ግምገማው ነበር። በዚያን ጊዜ ያለ ግምገማ የሚያልፍ ነገር የለም፤ ታብ መጫን የአቋራጭ አስተሳሰብ መገለጫ ነው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወገዘ። ከተወገዘ በኋላ ሰብሳቢው፣ ለመሆኑ ታብ ምንድነው ብለው ጠየቁ። ለጋሽ እንድሪስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ደብዳቤውን አጥፈው የእኔ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«አንተ ዘንድ ይቀመጥ» አሉኝ። «እኔ ዘንድ ከሆነ እረሳዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አፍር ነበር፤ ማፈሩ ግን ሥራ አስተማረኝ።

ዓመታት አለፉ። የጋሽ እንድሪስ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሻይ ሲያነሱ ነበር፤ በኋላ ኪቦርዱም ላይ መጣ። አንዲት ፊደል ሁለት ሦስት ጊዜ ትጻፍባቸዋለች፤ ያጠፏታል፤ መልሰው ይጽፋሉ። አንድ መስመር ለመጨረስ ሻይ የሚፈላበት ጊዜ ይፈጅባቸዋል። መፍትሔውን አውቀዋለሁ፤ አንዲት መስመር ናት። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የታብን ስም የመጥራት መብት ከሌላቸው ሰዎች የመጀመሪያው እኔ ነበርኩና ዝም ብዬ አያቸው ነበር።

የመጨረሻ ቀናቸው ዓርብ ነበር። መሳቢያቸውን ባዶ አደረጉ፣ ከአያ ሙሄ ጋር ተመራረቁ፣ ከዚያ መጥተው ሰርቨሩ ፊት ተቀመጡ። የሚሄድ ሠራተኛ የግል አካውንቱ ይጠፋል፤ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ በሌላ ሰው ሊያስጠፉት ግን አልፈለጉም። ትእዛዙን ጀመሩ። ጣታቸው ሳተ። አጠፉ። እንደገና ሳተ። አራተኛው ላይ እጃቸውን አንስተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያችን መስመር ታስታውሳታለህ?» አሉኝ።

የቷን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጎንበስ ብዬ ፋይሉን ከፈትኩ፣ መስመሯን በሙሉ ፊደሏ ጻፍኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ወጥቼ መልሼ ገባሁ። እሳቸው ትእዛዙን ጻፉ፣ የስማቸውን መጀመሪያ ሁለት ፊደላት ጨመሩ፣ ታብን በትንሿ ጣታቸው ነኳት። «እንድሪስ» ብሎ ሞላ። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ስንቀጠቀጥ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?»

«ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

ሳቁ። የቴሌግራሙን ታሪክ ሲነግሩን ያልሳቁትን ሁሉ ያን ቀን ሳቁት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው «እንድሪስ ይጥፋ» ብለው ጮክ ብለው አነበቡና ጠበቁ።

እትዬ ብርቄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ስለዚህ አሚኑ የእኔ ድርሻ ሆነ። ስክሪኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ስህተት ፍለጋ ደግሜ አነበብኩት፤ አንዲት ፊደል ብትዛባ ደስ ባለኝ። አልተዛባችም።

«በል እንጂ፣ ጁምዓ ሊያልፈኝ ነው» አሉኝ።

«አሚን» አልኩ። ኢንተር ነኩ። ማሽኑ ምንም አላለም፤ ሥራውን በትክክል ሲሠራ ምንም አይልም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ እኔ ወደ ደሴ ተዛወርኩ፤ አራት አለቆች ሲሾሙና ሲነሱ አየሁ፤ ማሽኖቹም ብዙ ጊዜ ተቀያየሩ። ያችን መስመር ግን በገባሁበት ሁሉ በአስተዳዳሪው አካውንት ላይ በእጄ እጽፋት ነበር፤ ንባቡንና አሚኑንም ከእሷ አልለየሁም። ወጣቶቹ ይስቁብኛል። ከእኔ ቀጥላ ኃላፊነቱን የተረከበችው ሐያት ብዙ ጊዜ አሚን ስትል ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደተቆጣኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ወር፣ ሰዉ ኬኩን ቆርሶ ከተበተነ በኋላ፣ እኔና እሷ ሰርቨሩ ክፍል ገባን። ትእዛዙን ጻፍኩ፣ ሁለት ፊደል ጨመርኩ፣ ታብን ነካሁ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ «ጌታሁን ይጥፋ» ብዬ አነበብኩና ጠበቅኩ። አሚን አልመጣም። ዞር ስል ሐያት ስልኳን ኪሷ ከታ፣ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላለች።

«ቆይ ጋሼ» አለችኝ፣ «መጀመሪያ ላንብበው።»